«ከየት አነሣኸው?» የአርኪዮሎጂ መግቢያ ትምህርት ቀዳሚ ጥያቄ

መግቢያ

አርኪዮሎጂ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድማ የምትመጣው ድንቅነሽ ናት፤ አለዚያም የአክሱም ሐውልት፣ አለዚያም ከመሬት ውስጥ የሚወጣ የወርቅ ዘውድ። የአርኪዮሎጂ መግቢያ ኮርስ ለመውሰድ የሚመዘገበው ተማሪም አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ሥዕል ይዞ ነው ወደ ክፍል የሚገባው። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው እኔም ከሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ሄደን ኮርሱን በምርጫ ከወሰድነው ተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። ጥንታዊ ቅርስ እስኪያሳዩን ስንጠባበቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእጃችን የገቡት ሲባጎ፣ ችካል፣ ሜትር፣ ቱንቢና ውሃ ልክ ነበሩ። ብዙዎቻችን ቅር ተሰኝተን ነበር። ኮርሱ ሲያልቅ ግን ከሁሉም በላይ የቆጨን እነዚያን መሣሪያዎች በሚገባ ሳንይዝ ያለፉን ሰዓታት ናቸው። እንዴት እዚህ አመለካከት ላይ እንደደረስን በቅደም ተከተል እንመልከት።

አርኪዮሎጂ የሰው ልጅን ያለፈ ሕይወት፣ ሰዎች ትተዋቸው ካለፉ ቁሳዊ ምልክቶች ተነሥቶ የሚያጠና የዕውቀት ዘርፍ ነው። ጽሕፈት ከተጀመረ ገና አምስት ሺህ ዓመት ያህል ነው። በአገራችን በአፋር፣ ጎና በተባለው ሥፍራ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ግን 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው። መሣሪያ ከተሠራበት ከዚያ ዘመን ጀምሮ ካለው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ የተመዘገበው ከአምስት መቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። የቀረው ሁሉ የሚነበበው ከአፈር ነው። አፈር ደግሞ የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተቆፈረ ንብርብር ተመልሶ አይነጠፍምና።

የቅርጫቱ ፈተና

በሁለተኛው ሳምንት መምህራችን ከሦስት ቢሮዎች የተሰበሰቡ የቆሻሻ ቅርጫቶች አምጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና «የእነዚህን ቅርጫቶች ባለቤቶች ሕይወት ንገሩኝ» አሉን። ሳቅን። ከዚያም በሦስት ቡድን ተከፍለን ሥራ ጀመርን። የእኛ ቡድን ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠውና ዕቃዎቹን በዓይነት በዓይነታቸው ለየ፤ ወረቀት ለብቻ፣ የብስኩት መጠቅለያ ለብቻ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ ለብቻ። ሥራችንን ከሁሉም ቀድመን ስለጨረስን ኮራን።

ከጎናችን የነበረው ቡድን ግን ዕቃዎቹን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ እያነሣ በየተራ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ሪፖርት የማቅረቢያው ሰዓት ሲደርስ እኛ ያልነው «ሰውዬው ብስኩት ይወዳል፤ መድኃኒትም ይወስዳል» የሚል ነበር። እነርሱ ግን በቅርጫቱ ሥር ብዙ የተቀደደ ረቂቅ ጽሑፍ፣ በመካከል የመድኃኒት ማሸጊያና የሎሚ ልጣጭ፣ ከላይ ደግሞ እንደገና ረቂቅ ጽሑፍ መኖሩን ጠቅሰው፣ «ሰውዬው ሥራ ጀምሮ በመካከል ጉንፋን ሳይዘው አልቀረም፤ ከተሻለው በኋላ ወደ ሥራው ተመልሷል» አሉ። ዕቃው ተመሳሳይ ነበር፤ ታሪክ ያገኙት ግን እነርሱ ናቸው። እኛ ቅርጫቱን በገለበጥንበት ቅጽበት የሳምንቱን ቅደም ተከተል አጥፍተነዋል።

ይህ ልምምድ ቀልድ እንዳይመስል። ዊልያም ራትጂ የተባሉት አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1973 በአሪዞና ግዛት በተኩሰን ከተማ የነዋሪዎችን ቆሻሻ በአርኪዮሎጂ ዘዴ ማጥናት ጀምረው ነበር። ሰዎች «ይህን ያህል የአልኮል መጠጥ እንጠጣለን» ብለው የተናገሩት ከጣሏቸው ጠርሙሶችና ጣሳዎች ብዛት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የተጣለ ዕቃ ባለቤቱ የማይናገረውን እንደሚናገር ከዚህ እንረዳለን፤ የሚናገረው ግን አነሣሡን ለሚያውቅ ነው።

የንብርብር ንባብ

የአርኪዮሎጂ ንባብ መሠረት የሆነው ሕግ የተገኘው ከሥነ-ምድር ነው። ኒኮላስ ስቴኖ የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1669 ባሳተመው ሥራ እንዳመለከተው፣ ያልተነካካ ንብርብር ውስጥ ታችኛው ንጣፍ ከላይኛው ቀድሞ የተነጠፈ ነው። ሕጉ ለመረዳት እጅግ ቀላል ነው። ችግሩ ያለው «ያልተነካካ» በምትለው ቃል ላይ ነው። አይጥ ይምሳል፤ ምስጥ ይክባል፤ የዛፍ ሥር ሰርስሮ ይገባል፤ ሰው የጎተራና የመቃብር ጉድጓድ ይቆፍራል። ስለዚህ ተማሪው የንጣፎቹን ቀለም፣ የአፈሩን ልስላሴና እርጥበት እያስተያየ አንድ ጉድጓድ ከየትኛው ንጣፍ ላይ እንደተጀመረ መለየት ይጠበቅበታል።

ለዚህ ልምምድ በግቢው ጥግ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ተፈቀደልን። ዶማና አካፋ ክልክል ነበር። በትንሽ የግንበኛ ማንኪያና በብሩሽ አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር እየወረድን አፈሩን በወንፊት ነፋን፤ የተገኘውን ሁሉ በቦታውና በጥልቀቱ መዘገብን። በሦስተኛው ንጣፍ ላይ «1969» የሚል ዓመተ ምሕረት ያለበት የ25 ሳንቲም ገንዘብ ሲገኝ ሁላችንም «ንጣፉ የ1969 ዓ.ም. ነው!» ብለን ጮኽን። መምህራችን ዝም አሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከዚያው ንጣፍ ከሳንቲሙ ዝቅ ብሎ የተፋቀ የሞባይል ካርድ ወጣ። ተንቀሳቃሽ ስልክ በአገራችን አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሳንቲሙ ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሮ ነው እዚያ የወደቀው።

ከዚህ የሚገኘው ሕግ የሚከተለው ነው። በአንድ ያልተነካካ ንጣፍ ውስጥ የሚገኝ ዕድሜው የታወቀ ዕቃ ንጣፉ ከዚያ ዕቃ ዘመን በፊት እንዳልተነጠፈ ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እንደቆየ ግን አይናገርም። ከንጣፉ ዕቃዎች ሁሉ ለዕድሜው ወሳኝ የሚሆነው የቅርቡ ነው።

ይኸው ሕግ ለአክሱም ይሠራል። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም ያስመቱ ነበር። በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሳንቲሙ ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት በመስቀል ተተክቷል። በአንድ ጥንታዊ ቤት ወለል ሥር ባለ መስቀል ሳንቲም ቢገኝ፣ ወለሉ ከዚያ ለውጥ በፊት እንዳልተሠራ በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል። ይሁን እንጂ በአክሱም አካባቢ የክረምት ጎርፍ የሚገላልጣቸው ሳንቲሞች በልጆች እየተለቀሙ ለጎብኚዎች ሲሸጡ ኖረዋል። በጎብኚው ኪስ የገባው ሳንቲም የንጉሡን መልክ እንደያዘ ነው፤ ስለ ወለሉ ሊሰጥ ይችል የነበረው ምስክርነት ግን ጠፍቷል።

ዕድሜ እንዴት ይለካል?

ከሳይንስ ክፍል የሄድነውን ተማሪዎች ይበልጥ የሳበን ይህ ክፍለ ትምህርት ነበር። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ካርቦን 14 የተባለውን ጨረራ አመንጪ አይሶቶፕ ከአየርና ከምግብ ይወስዳል። ሲሞት መውሰዱ ይቋረጥና ያለው እየፈረሰ ይሄዳል። ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ነው። በአንድ የከሰል ቁራጭ ውስጥ ከመጀመሪያው ካርቦን 14 ሩቡ ብቻ ቢቀር ሁለት ግማሽ ዕድሜዎች አልፈዋል፤ ማለትም 11,460 ዓመት ገደማ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የፈለሰፉት ዊላርድ ሊቢ እ.ኤ.አ. በ1960 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

በፈተና ላይ «ድንቅነሽ ዕድሜዋ የታወቀው በካርቦን 14 ነው» ብሎ የማይጽፍ ተማሪ ጥቂት ነው። ስህተት መሆኑን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከአሥር ግማሽ ዕድሜ በኋላ ከመጀመሪያው ካርቦን 14 የሚቀረው ከ1,024 አንድ እጅ ነው። በዚህ ምክንያት ዘዴው ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ አያገለግልም። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ደግሞ ከ550 በላይ ግማሽ ዕድሜዎችን ይይዛል፤ የሚለካ ነገር አይቀርም።

ታዲያ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ እንዴት ታወቀ? አጥንቷን በመለካት አይደለም። የተለካው በአካባቢው ንጣፎች መካከል የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ያሉ ማዕድናት ፖታሲየም 40 የተባለ አይሶቶፕ ይይዛሉ፤ ይህም ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ያህል ስለሆነ እጅግ ረጅም ዘመን ለመለካት ያገለግላል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ በቀለጠው ማዕድን ውስጥ የነበረው አርጎን ይወጣና ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። እንግዲህ የድንቅነሽን ዕድሜ የምናውቀው ከየትኛው አመድ በላይ፣ ከየትኛው አመድ በታች እንደነበረች ስለምናውቅ ነው። ቦታዋ ባይመዘገብ ኖሮ ዕድሜዋም አይታወቅም ነበር።

የድንጋይ ጠረባ ሰዓት

በኮርሱ አጋማሽ ሁለት ሁለት ድንጋይ ተሰጥቶን «ስለታም ስንጣሪ አውጡ» ተባልን። የዓይን መነጽርና ወፍራም ጓንት አድርገን አንድ ሰዓት ሙሉ ደበደብን። ያገኘነው ዱቄትና የተቀጠቀጠ ጣት ነበር። ስንጣሪ የሚወጣው በኃይል ብዛት ሳይሆን የምቱ ማዕዘን ትክክል ሲሆን ነው። ትክክለኛ ምት ያረፈበት ስንጣሪ ከምቱ ሥር ትንሽ እብጠትና እንደ ውሃ ሞገድ የሚሰፉ መስመሮች ይኖሩታል። ሰው የሠራውን ስንጣሪ ከተፈጥሮ ስባሪ ለመለየት ከሚያገለግሉ ምልክቶች ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው።

መምህራችን ተስፋ ስንቆርጥ አይተው በኮንሶ የድንጋይ መፋቂያ እየጠረቡ ቆዳ ስለሚያለፉ ሴቶች ነገሩን። በጋሞም ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ወንዶች አሉ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በእነዚህ ባለሙያዎች ዘንድ ተቀምጠው ድንጋዩን ከየት እንደሚያመጡ፣ እንዴት እንደሚጠርቡ፣ ሲደንዝም የት እንደሚጥሉ መዝግበዋል። የድንጋይ መሣሪያ ሥራ የወንድ ሙያ ብቻ ነበር የሚለው የቆየ ግምትም በኮንሶ ሴቶች ምክንያት እንደገና ታይቷል። በዚያን ዕለት ከክፍል ጓደኞቻችን አንዱ ዘመዶቹ ቆዳ የሚያለፉ መሆናቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ተናገረ። በአገራችን «ፋቂ» የሚለው ቃል ለስድብ ሲውል መኖሩን አንባቢ ያውቃል። ያን ዕለት ግን ሁላችንም የተቀጠቀጠ ጣታችንን ይዘን፣ ያ ተማሪ ከልጅነቱ ያየውን እንዲያስረዳን ከበብነው።

ዲዳው ድንጋይ

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በኮርሱ መጨረሻ በአዋሽ ሸለቆ ወደሚገኝ አንድ የድንጋይ ዘመን ሥፍራ ለጉብኝት ሄድን። ከመኪና ሳንወርድ «ምንም ነገር አታንሡ» ተብለናል። ይሁን እንጂ በጎርፍ በተሸረሸረ ገደል ሥር ሳልፍ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሚያብረቀርቅ ጥቁር የባልጩት ስንጣሪ አየሁ። የምቱን እብጠት፣ ሞገዱን፣ ሁሉንም ለየሁ። የተማርኩትን ማወቄ አስደሰተኝ። ድንጋዩንም ኪሴ ከተትኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት በክፍል ውስጥ በኩራት አወጣሁት። መምህራችን በእጃቸው አገላብጠው ካዩት በኋላ «ከየት አነሣኸው?» አሉኝ። ሥፍራውን ነገርኳቸው። «ከየትኛው ገደል?» ዝም አልኩ። «ከገደሉ ውስጥ ገና እየወጣ ነበር ወይስ ጎርፍ አምጥቶት ነው? ከየትኛው ንጣፍ ጋር ይሄዳል? ከጎኑ ምን ነበር?» አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ይህ ድንጋይ የአንድ ሚሊዮን ዓመት ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ሺህም ሊሆን ይችላል። በአዋሽ ላይኛው ተፋሰስ ሰዎች ባልጩትን በጣም ረጅም ዘመን ሲጠርቡ ኖረዋል። ሊነግረን ይችል ነበር፤ አንተ ግን አፉን ዘጋኸው» አሉኝ።

ከዚያም ጉዳዩን ለሚመለከታቸው የቅርስ ኃላፊዎች አሳወቁ። እኔም ከእርሳቸው ጋር ሄጄ ድንጋዩን አስረከብኩ። ኃላፊው በመዝገቡ ላይ «የተገኘበት ቦታ» ከሚለው ዐምድ ሲደርሱ ብዕራቸውን አቁመው ቀና ብለው አዩኝ። ዐምዱ ባዶ ቀረ። ለዚያ ኮርስ ያገኘሁትን ውጤት ዛሬ በትክክል አላስታውስም፤ ያንን ባዶ ዐምድ ግን አልረሳውም።

የኦሞ ኪቢሽ ሁለት የራስ ቅሎች

የእኔ ድንጋይ ትንሽ ነገር ነው ሊባል ይችላል። የቦታ ዕውቀት የሳይንስን ትልቅ ጥያቄ ሲወስን ለማየት ወደ ታችኛው ኦሞ ሸለቆ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የተመራው ቡድን በኪቢሽ አካባቢ ኦሞ 1 እና ኦሞ 2 የተባሉ የሰው ቅሪተ አካላት አገኘ። ሁለቱ የተገኙት በአንድ ዘመቻ፣ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ከኦሞ 1 አጥንቶች ከፊሉ በቁፋሮ ከንጣፉ ውስጥ ሲወጡ፣ ኦሞ 2 የተነሣው ከመሬት ገጽ ላይ ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላ የተመራማሪዎች ቡድን ወደ ኪቢሽ ተመለሰ። በቀድሞዎቹ ፎቶግራፎችና መዝገቦች እየተመራ የኦሞ 1ን ቦታ አገኘ። ከዚያው ቦታ ተጨማሪ የአጥንት ስብርባሪዎች ተገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ከተገኘው አጥንት ጋር የሚገጥምም ነበረባቸው። ንጣፉም ሊለካ ስለቻለ እ.ኤ.አ. በ2005 የኦሞ 1 ዕድሜ 195,000 ዓመት ያህል እንደሆነ ታወጀ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከአጥንቶቹ በላይ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ በኬሚካዊ ይዘቱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው የሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር መዛመዱ ታወቀ። ፍንዳታው የደረሰው ከ230,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። አመዱ ከአጥንቱ በላይ ስለሆነ አጥንቱ ከዚያ ቢያንስ እኩል፣ አለዚያም የበለጠ ዕድሜ አለው።

አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አጥንቱ ራሱ አልተለወጠም። የተሻሻለው የአፈሩ ዕውቀት ነው፤ ሊሻሻል የቻለውም አጥንቱ ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ በመታወቁ ነው። ኦሞ 2 በበኩሉ ቅርጹ ከኦሞ 1 ስለሚለይ ዕድሜውን ማወቅ እጅግ አስፈላጊ ነበር፤ ከገጸ ምድር የተነሣ በመሆኑ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ማጠቃለያ

የአርኪዮሎጂ መግቢያ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ሁሉ አርኪዮሎጂስት አይሆንም። ከእኛ ክፍል ተማሪዎች አብዛኞቹ ወደ ኬሚስትሪ፣ ወደ ምህንድስናና ወደ መምህርነት ሄደዋል። ነገር ግን መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ፣ ገጠር የሚያስተምር መምህር፣ እርሻውን የሚያርስ ወንድም ከአርኪዮሎጂስቱ ቀድመው ቅርስ ያያሉ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንም ሰው በግንባታም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ሲያገኝ ወዲያውኑ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ፣ እስኪረከቡትም ድረስ ሳይነካ እንዲጠብቀው ያዛል። ከሕጉ ጎን ለጎን ደግሞ ተማሪ ሊይዘው የሚገባ ቀላል ልማድ አለ፦ አታንሣ፤ ፎቶግራፍ አንሣ፤ በአቅራቢያው ያለውን ዛፍ፣ ወንዝ ወይም መንገድ ምልክት አድርገህ ጻፍ፤ ቀኑን መዝግብ፤ ለአካባቢው የባህል ጽሕፈት ቤት ንገር። ይህን ለማድረግ እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ይበቃል።

መልመጃ

1. በአንድ የከሰል ቁራጭ ውስጥ ከመጀመሪያው ካርቦን 14 አንድ ስምንተኛው ቀርቷል። ከሰሉ ስንት ዓመት ሆኖታል?
2. አንድ ቅሪተ አካል ከሁለት የአመድ ንጣፎች መካከል ተገኘ። የታችኛው አመድ 150,000፣ የላይኛው 100,000 ዓመት ቢሆን ስለ ቅሪተ አካሉ ምን ማለት ይቻላል?
3. የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎች ባሉበት ንጣፍ ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ቁልፍ ተገኘ። ቆፋሪው በመጀመሪያ ምን መመርመር አለበት?

መልስ፦ 1) ሦስት ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም 17,190 ዓመት ገደማ። 2) ዕድሜው ከ100,000 እስከ 150,000 ዓመት ባለው መካከል ይገኛል። 3) ቁልፉ የተገኘበትን አፈር ቀለምና ልስላሴ በዙሪያው ካለው ጋር አስተያይቶ የአይጥ ጉድጓድ፣ የዛፍ ሥር ወይም በኋላ ዘመን የተቆፈረ ጉድጓድ መኖሩን ይመርምር፤ ይህን ሳያጣራ ቁልፉንም ሆነ አፈሩን ከቦታው አያንሣ።